የአኮርዲዮኑ ቤት

ሳጥኑ ከደሴ የመጣው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው። እናቴ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ፣ አፉን በሲባጎ አሰፍታ፣ ስሜንና ስልክ ቁጥሬን በትልልቁ አስጽፋበት ነበር። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ስቀበል ረዳቱ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሰጠኝ። በልጅነቴ ያንን ሳጥን ከአባቴ በቀር የሚያነሳው ሰው አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ቀኝ ትከሻው ወርዶ፣ ግራ ክንዱን ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ጎን ዘርግቶ ነበር የሚሄደው። ባዶ መሆኑን ከአርባ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ረዳቱ እንደ ቅርጫት ሲያወዛውዘው ሳይ ግን ሆዴ ባባ።

ቤት ገብቼ ስፌቱን ተረተርኩና ክዳኑን ከፈትኩ። በመጀመሪያ የወጣው የሻጋታ ሽታ ነው፤ የእናቴ ቤት ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ቀጥሎ ናፍታሊን መጣ። ፊቴን ወደ ከፋዩ አስጠግቼ ትንፋሼን ስስብ ደግሞ ከሁለቱም ሥር ሰም አገኘሁ። የጧፍ ሽታ።

ያ ሽታ በልጅነቴ ግራ ያጋባኝ ነበር። እናቴ በማለዳ ከመድኃኔዓለም ስትመለስ በነጠላዋ ይዛው የምትመጣው ሽታና ከአባቴ አኮርዲዮን ወናፍ የሚወጣው ሽታ አንድ ነበር። ስለዚህ አባቴ እኛ ስንተኛ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ይህንኑ ስጠይቀው ሳቀ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፈ፣ የወናፉን ሚስማሮች አንድ በአንድ በፒንሳ ነቀለና አኮርዲዮኑን ለሁለት ከፈለው።

ውስጡ እንዲያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በቀጫጭን እንጨቶች ላይ ትንንሽ የብረት ምላሶች ከረጅም ወደ አጭር ተደርድረዋል። ምላሶቹን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቃቸው ቢጫ ሰም ነው፤ የንብ ሰም ከጥድ ሙጫ ጋር ቀልጦ የተሠራ። በየምላሱ ትይዩ ደግሞ እንደ ቅጠል የሳሳች የቆዳ ቁራጭ ተለጥፋለች፤ ነፋሱ በማይፈለግበት በኩል እንዳያመልጥ የምትዘጋው እሷ ናት። አባቴ ጣቱን ሳያስነካ እያሳየኝ «ሰሙ ሙቀት ከበዛበት ይለሰልስና ምላሶቹ ይረግፋሉ። ቆዳዋ ደግሞ አኮርዲዮኑ ተኝቶ ከከረመ ትጎብጣለች። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሲጫወቱት እንደሚሆነው፣ ቆሞ የሚቀመጠው» አለኝ። ቀጥሎ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ዋናው ግን ቤቱ ነው። ቤት የሌለው አኮርዲዮን በደሴ ክረምት ሁለት ዓመት አይቆይም» አለ።

ሳጥን ወይም ሻንጣ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። «ቤቱ» ነበር የሚለው።

አኮርዲዮኑን የገዛው ኮምቦልቻ ይኖር ከነበረ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው። ከሁለት ወር ደሞዙ በላይ ከፍሎበታል፤ እናቴ ይህን ሳትረሳለት ኖራለች። ከክዳኑ ውስጥ ካስቴልፊዳርዶ የሚል የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ካስቴልፊዳርዶ በጣሊያን ማርኬ በሚባለው ክፍለ ሀገር ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ሰዎቿ አኮርዲዮን በመሥራት የታወቁ ከተማ ናት። እንደሚተረከው በ1863 እ.ኤ.አ. ወደ ሎሬቶ የሚሄድ ተሳላሚ በአንድ የገበሬ ቤት አድሮ፣ ላስተናገዱት ሰዎች ይዞት የነበረውን መሣሪያ ትቶላቸው ሄደ፤ የቤቱ ልጅ ፓኦሎ ሶፕራኒም ያንን ፈትቶ አጥንቶ የከተማዋን የመጀመሪያ አኮርዲዮኖች ሠራ። ይህን ያነበብኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ልነግረው ከምመኛቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። የመሸበት እንግዳና እንግዳውን ያሳደረ ገበሬ ያሉበትን ታሪክ ደጋግሞ ያስወራኝ ነበር።

አባቴ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነበር፤ ሒሳብና መዝሙር ያስተምራል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የጦሳ ተራራ ገና በጉም እንደተሸፈነ ነው። ሜዳው ላይ የተሰለፍነው ልጆች የፊታችንን ሰልፍ ጀርባ እንጂ ከዚያ ወዲያ አናይም። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የወናፉ ትንፋሽ ይሰማል፤ እንደ ሰው አየር ሲስብ። ከዚያ መዝሙሩ ይነሳል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ ልጆች ጋር የመጣው አርመናዊ ኬቮርክ ናልባንዲያን ያዘጋጀው የንጉሡ ዘመን መዝሙር ነበር። በ1968 ዓ.ም. መዝሙሩ ሲለወጥ አባቴ አዲሱን በጥቂት ቀን አጥንቶ በዚያው አኮርዲዮን፣ በዚያው ጉም ውስጥ ተጫወተው። እኔ ያኔ ትንሽ ነኝ፤ ሁለቱን እያቀላቀልኩ እዘምር ነበር።

ለኔ አኮርዲዮን ማለት ግን እቤት የምንጫወተው ነው። ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ እናቴ እንስላሏን አፍልታ ስታቀርብ። መሣሪያው ከደረቴ ስለሚበልጥ አባቴ ከኋላዬ ተቀምጦ ወናፉን እሱ ይስባል፤ እኔ ቀኝ እጄን ብቻ ቁልፎቹ ላይ አሳርፋለሁ። «ጥቁሮቹን ብቻ ንካ፤ ነጮቹን ተዋቸው» ይለኛል። «ሦስት ሆነው ከተጠጉት ጥቁሮች ከታችኛው ጀምር።» እንዳለኝ ሳደርግ ጣቴ የትም ቢያርፍ አይሳሳትም። አምስቱ ጥቁሮች ትዝታ ናቸው። ፈረንጅ ለራሱ ዜማ የሠራው መሣሪያ ላይ የእኛ ቅኝት ማንም ሳያስቀምጠው ተቀምጦ መገኘቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አምባሰል ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየመረጡ መርገጥ ይጠይቃል። ባቲም አንቺ ሆዬም እንደዚሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ አገር ስም ይዘው ሳሉ ወሎዬው አባቴ በነሱ ነበር የሚፈተነው። ችግሩ ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። በግራ በኩል ያሉት ትንንሽ ቁልፎች ብዙዎቹ አንዱ ሲነካ ሦስት ድምፅ አብሮ የሚያወጡ ናቸው፤ ካስቴልፊዳርዶዎች ለራሳቸው ዘፈን ያሰናዱት አጃቢ። ያ አጃቢ አምባሰል ሥር ሲገባ ዜማውን ያደፈርሰዋል። አባቴ ብዙ ሞክሮ በመጨረሻ ግራ እጁን ዝም አሰኘው። አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል፤ ቀኝ እጁ ብቻውን ይሄዳል። አኮርዲዮን የሚያውቅ ሰው ቢሰማው ያልጨረሰ ተማሪ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሰማሁት አምባሰል ሁሉ ያ ዝምታ ይጎድለዋል።

ነሐሴ 1970 ዓ.ም. ነው። ለአብዮት በዓል ዝግጅት ቀበሌው ኪነት ቡድን አቋቁሟል። ሁለት ወጣቶች በዝናብ መጡ፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘዋል። አኮርዲዮኑ ለአንድ ሳምንት እንዲሰጥ ይላል። አባቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በዚያን ዘመን እምቢ የሚባል ደብዳቤ አልነበረም። ከአልጋ ሥር ሳጥኑን ስቦ አወጣ፤ ከፈተ፤ አኮርዲዮኑን በሁለት እጁ አንስቶ ለአንደኛው ልጅ ማሰሪያዎቹን ትከሻው ላይ አስተካከለለት። ሳጥኑንም ሊያስይዛቸው ሲል ሌላኛው «ይቅር፣ ይከብዳል» አለ። አባቴ «ዝናብ ነው» አለ። ልጁ መልስ አልሰጠም። አባቴ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዶ አኮርዲዮኑን አለበሰው፤ እጅጌዎቹን ከልጁ ጀርባ ቋጠረ። በሩ ላይ ቆመን አየናቸው። ከኋላ ሲታይ አባቴ ሌላ ሰው አዝሎ ቁልቁለቱን የሚወርድ ይመስል ነበር።

ካፖርቱም አልተመለሰ።

በሳምንቱ ሄደ፤ በዓሉ ይለፍ አሉት። በዓሉ አለፈ፤ ቡድኑ ወደ ሌላ አውራጃ ለቅስቀሳ ወጥቷል አሉት። ከዚያ ሊቀመንበሩ ተለወጠ። ከዚያ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። ዝርዝሩን አላውቅም፤ አባቴ ከዚያ ቢሮ ሲመለስ ኮቱን አውልቆ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል እንጂ አያወራም።

ሳጥኑ ግን አልጋው ሥር ነበር። በየዓመቱ ጳጉሜን ስትገባ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ አባቴ ያወጣዋል። ፀሐይ ላይ አያሰጣውም፤ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ያለበት ነፋስ የሚነፍስበት ቦታ ክዳኑን ከፍቶ ያቆመዋል። እጀታውንና ማሰሪያውን በጉሎ ዘይት ያሻል። እናቴ አንዴ ጋቢዎቹን ላስቀምጥበት ስትለው «ሲመጣ የሚያድርበት ይፈልጋል» አላት። ያን ቀን እኔም ነበርኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችውና ጋቢዎቹን መልሳ እንጨት ሳጥኗ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ አላነሳችም። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲያራቁት፣ ቤታችን ውስጥ ሊሸጥ የሚችል ነገር ሁሉ ወጥቶ ሲታይ፣ ለዚያ ሳጥን ጥሩ ዋጋ የሰጠ ነጋዴ ነበር። ልብስ መያዣ ይሆነኛል ብሎ። እናቴ ነች እምቢ ያለችው።

አንድ ጊዜ አጎቴ ከአዲስ አበባ ካሴት ይዞ መጣ። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ለብቻው የሠራው ነው። አባቴ ቴፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ፊቱን አላየሁም። ቀኝ እጁን ነው ያየሁት፤ ጉልበቱ ላይ፣ በሱሪው ጨርቅ ላይ፣ ጣቶቹ ይረግጡ ነበር። ካሴቱ ሲያልቅ ገልብጡት አላለም። ያ ሙዚቀኛ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት እያወጣ ይለማመድ እንደነበር ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ መጀመሪያ የታየኝ የአባቴ ጉልበት ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀበሌው መጋዘን ተከፍቷል የሚል ወሬ ሰማን። አባቴ ያን ጊዜ ፀጉሩ ሸብቷል። አብሬው ሄድኩ። ቆዳው የተቀደደ ከበሮ አለ፤ ጭራው የረገፈ ማሲንቆ አለ፤ ቀይ ጨርቆች ተከምረዋል። ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያነሳ አጣጥፎ ወደ ጎን አስቀመጣቸው። ከሥራቸው ሲሚንቶ ወለል ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ጳጉሜን ባይሆንም ሳጥኑን አውጥቶ ከቤቱ ጀርባ አቆመው።

እንግዲህ የደረሰኝ ሳጥን ይህ ነው። መጀመሪያ የወሰድኩት መርካቶ ሻንጣ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ እያገላበጠ አየው፣ በጥፍሩ አንኳኳው፣ «እንጨቱ ጤነኛ ነው» አለ። «ላዩን ገፍፌ አዲስ ሌዘር አለብሰዋለሁ፤ የማዕዘኑን ቆርቆሮ እቀይራለሁ፤ ውስጡን አዲስ ከፋይ አለጥፋለሁ። አዲስ አድርጌ ነው የማስረክብዎት ጋሼ።» ከልቡ ሊሠራው ያሰበ ሰው ነው፤ ክፉ አላሰበም። አመስግኜው ተሸክሜ ተመለስኩ። ከሱ የተማርኩት እንጨቱ ጤነኛ መሆኑን ነው፤ ያም ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ሥራውን በዝግታ ያዝኩ። አንድ ሳምንት በረንዳው ጥላ ላይ ክዳኑን ከፍቼ አቆየሁት። እርጥበቱ ሳይወጣ ሻጋታውን የነካ ሰው ይበትነዋል እንጂ አያጸዳውም። ሲደርቅ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ውጭ ጠረግኩ፤ ቀጥሎ ጨርቅ በአልኮል ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ለሽታው በሳህን የከሰል ስብርባሪ ውስጡ አስቀምጬ ክዳኑን ዘግቼ አሳደርኩት፤ በየሁለት ቀኑ ከሰሉን እየለወጥኩ። ከሰሉ ሻጋታውን ጠጣው፤ ሰሙን ግን አልነካውም፤ ወይም እኔ እንዲያ ብዬ አምኛለሁ።

ጥቁሩ ጨርቅ ከጠርዙ የተላቀቀበትን በነጭ የእንጨት ኮላ አሳስቼ መለስኩ። በገመድ ጠፍሬ ከባድ መጻሕፍት ጫንኩበት። መቆለፊያዎቹ ዝገው ነበር፤ ላምባ በነካ ጨርቅ አሽቼ ስፈታቸው ሥራቸው ቢጫው ነሐስ ብቅ አለ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ላብለጨልጨው አሰብኩና ተውኩት፤ የአባቴ አውራ ጣት የሳሳው ቦታ አለ፣ ከሁለቱ በቀኙ ላይ። እጀታው በአንድ ወገን ተበጥሶ አባቴ በሽቦ ያሰረው ነው። ሰፈራችን ያለ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ሽቦውን ላውጣው አለኝ። አይውጣ፤ ከሥሩ አዲስ የበግ ቆዳ አስገብተህ ጭነቱን እሱ ይያዝ፣ ሽቦው እንዳለ ይቀመጥ አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና ወስፌውን አነሳ። ሰም የተቀባ ክር ነበር የተጠቀመው። ሲጨርስ ስፌቱ ፈልገው ካልሆነ አይታይም።

ከዚያ ያ ከፋይ ቀረ።

ቀይ ነው፤ ዳሩ ወደ ቡኒ ሄዷል። ጸጉሩ ተጨፍልቋል። የተጨፈለቀ ከፋይ በእንፋሎት እንደሚነሳ አውቅ ነበር፤ ማንቆርቆሪያ አፍልቼ አፉን አስጠግቼ፣ በለስላሳ ብሩሽ ተቃራኒውን ማበጠር ጀመርኩ። አንደኛው ጥግ እንደ አዲስ ተነሳ። ቀዩ ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ጎንበስ ብዬ ስመለከት ከሳጥኑ ወለል ላይ አራት ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች እንደነበሩ ገባኝ። የአኮርዲዮኑ እግሮች የቆሙበት ነው። ለብዙ ዓመታት ያ ሁሉ ክብደት በአራት ነጥብ ከፋዩን ተጭኖ፣ ከሄደም በኋላ ስንት ክረምት ጉድጓዶቹ ሳይሞሉ ቆይተዋል። አባቴ በየጳጉሜኑ ሲከፍተው የሚያየው ይህንን ነበር። አሁን ሦስት ናቸው። አራተኛው እኔ ያነሳሁት ጥግ ውስጥ ነበር።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በአውራ ጣቴ ተጭኜ ልመልሰው ሞከርኩ፤ ጣቴን ሳነሳ ከፋዩ ቀስ ብሎ ተነሳ። የአንድ ሰው ጣት ከአኮርዲዮን አይስተካከልም። ጽዳት ጥሩ ነገር ነው ብዬ አድጌያለሁ፤ እናቴ ናት ያሳደገችኝ። ግን አርባ ስድስት ዓመት ዝናብም ብልም ድህነትም ያልነኩትን ጉድጓድ ያጠፋሁት በቅንነት ስጠርግ ነው። የቀረውን ከፋይ አልነካሁትም። የተጨፈለቀው እንደተጨፈለቀ ነው። ከፊት በኩል የቁልፎቹ ረጅም ጥላ የመሰለ ነገር አለ፣ ከጎን ብርሃን ሲገባ ብቻ የሚታይ። እሱም እንዳለ ነው።

የሚያውቁ ሰዎች አሮጌ አኮርዲዮን ፈልግና አስገባበት ይሉኛል። በእርግጥ ይገኛል። አንድ ቀን አንዱን ለማየት ሄጄ ነበር፤ ጥሩ ድምፅ አለው። ስለካው ግን በአራት ጣት ያህል ይበልጣል። ባይበልጥም ኖሮ የምገዛው አይመስለኝም። እግሮቹ በሌላ ቦታ ያርፋሉ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ማታ እናቴ ደወለች። ሰማንያን አልፋለች፤ ስልክ ስታወራ አሁንም ድምፅዋን ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ለማድረስ የምትጮህ ይመስል ከፍ ታደርጋለች።

«ጨረስከው?»

«ጨረስኩት እማዬ።»

«እጀታውስ?»

«ተሰፋ። ሽቦው አልወጣም።»

«እሰይ።» ትንሽ ቆየች። «ክዳኑን ጥርቅም አድርገህ አትዝጋው፣ ይታፈናል።»

«ገርበብ አድርጌዋለሁ።»

«ተኝቶ ነው?»

ሳጥኑን ዞሬ አየሁት። መጻሕፍት መደርደሪያው ጥግ ላይ ነው።

«የለም፣ ቆሞ ነው።»

«እ» አለች፤ «እሳቸው አቁመው ነበር የሚያስቀምጡት።» ከዚያ እዚያ ዝናቡ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ።